ምን ይሠራል፣ ምን ይበላል፣ የት ያድራል

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ የእህቴ ልጅ ስልኬን እያስተካከለችልኝ «አክስቴ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርሽው ግን ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለትልልቅ ሰዎች ፊደል» አልኳት። «እሱንማ አውቃለሁ፤ ከፊደሉ በኋላስ?» አለችኝ።

ከፊደሉ በኋላማ ጉድ ነበር። ሰው ፊደል ከለየ የሚያነበው ነገር ይፈልጋል። በእኔ ዘመን ደግሞ የሚነበበው ነገር ሁሉ አዲስ ነው፦ የስልክ ቁልፍ፣ የሚኒባስ ታፔላ፣ የክኒን ማሸጊያ፣ የመብራት ቆጣሪ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚያ አዲስ ነገርና በመንዝ ሰው አፍ መካከል ቆሜ ስገላግል ነው። ደመወዙ ያው እንደምታውቁት ነው። ወረቀቱ ከደመወዙ ይበዛ ነበር። ሁለቱንም እዚሁ ልተዋቸውና ወደ ሰዎቹ ልሂድ።

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ነው። ከተሜ ነኝ ብዬም አምን ነበር፤ ከተማዬ በአንድ ጫፏ ገብስ፣ በሌላው ጫፏ በግ ያላት መሆኗን ልብ ሳልል። መጀመሪያ የተመደብኩት ዘመሮ አጠገብ ካለ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነበር። ተማሪዎቼ በሙሉ አያት የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። በመጀመሪያው ቀን «መምህርት ብላችሁ ጥሩኝ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ፊደል የሚያስቆጥር የኔታ ነው፤ ቀሚስ ለበሰም ሱሪ ለበሰም» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታዬ «የኔታ ብርቄ» ሆኜ ቀረሁ።

የዚያን ጊዜ ቃል አጥሪ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዱ ተማሪዬ ስለ መኪና ሲያወሩ «ጎማ» አሉ። እኔም ጎማ የጣልያን ቃል ነው፣ የአገራችንን ቃል እንጠቀም ብዬ «ተሽከርካሪ እግር» የሚል ስም ፈጥሬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። ከኋላ፣ ብርድ በሚገባበት በር አጠገብ፣ የበግ ጠጕር ባና ለብሰው ኩርምት ያሉ ሰውዬ ሳል ሳል አላቸው። የማላውቃቸው ገበሬ መስለውኝ ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ተቆጣጣሪያችን ጋሼ ታደገ ነበሩ።

ጋሼ ታደገ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ኋላ ነው ወደ መምህርነት የገቡት። የልመናውን አኩፋዳ ግን አልጣሉትም፤ ደብተራቸውን የሚይዙት በእሱ ነበር። እርሳሳቸውን ባርኔጣቸው ጥብጣብ ውስጥ ይሰካሉ። ጥፋት ሲያዩ ሰው ፊት አይናገሩም፤ ትምህርቱ አልቆ፣ መንገድ ጀምረን፣ የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ነው የሚጀምሩት። ከዚያ ቁልቁለት በፊት ያለው ዝምታ ራሱ ይገድለኝ ነበር።

«ብርቄ» አሉኝ ያን ቀን፣ «ጎማን ካባረርሽው መኪናው በምን ይሄዳል?»

«ባዕድ ቃል ነው ብዬ ነው» አልኳቸው።

«እንግዳ ቃል መጥቶ ሥራ ከያዘ የቤት ልጅ ነው። ያንቺ ተሽከርካሪ እግር ግን እንግዳም አይደለም፣ ዘመድም አይደለም። ማንም አያውቀውም።» ትንሽ ሄዱና ደግሞ ቆሙ። «በቅሎ የሚገዛ ሰው ገበያ ላይ ምን ይጠይቃል?»

«ዋጋዋን።»

«ዋጋዋን መጨረሻ ላይ ነው የሚጠይቅ። መጀመሪያ ምን ትሠራለች ይላል። ቀጥሎ ምን ትበላለች ይላል። ከዚያ የት ታድራለች ይላል። አንቺም አዲስ ነገር ሲመጣብሽ ይህንኑ ጠይቂያቸው። ስሙን ራሳቸው ያወጡለታል። የወጣለት ስም ገበያ ደርሶ፣ እዚህ ክፍል ረግጦ ከማያውቅ ሰው አፍ ተመልሶ ከመጣልሽ ቃል ሆኗል። ካልተመለሰ አታልቅሺለት።»

ሙያዬ እሷው ናት። ሌላው ሥልጠና ሁሉ ብዙ ሻይና ብዙ ወረቀት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጓሳ ጥግ ወዳለ ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ መብራት ሳይገባ ስልክ ገባ። ሰው ሁሉ የልጁን ድምፅ ፍለጋ ስልኩን ይዞ ጉብታ ለጉብታ ይሮጥ ጀመር። ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ለማንበብም ወደኔ መጣ። ከመጡት አንዷ እማማ ዘነቡ ነበሩ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከልጃቸው ሚስት ከአልማዝ ጋር የሚኖሩ፣ የበግ ጠጕር በመፍተል በአካባቢው አቻ የሌላቸው ሴት ናቸው። እንዝርታቸውን ሳይዙ ተምረው አያውቁም። ፊደል ሲሳሳቱ እንዝርቱ ይቆማል፤ ሲያገኙት ይሾራል። እኔም መልሳቸውን ሳልሰማ ከእንዝርቱ አውቀው ነበር።

ጋሼ ታደገ ለጉብኝት በፈረስ መጡና ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ከዚያ የዘወትር ቃላቸውን ተናገሩ፦ «እኔ መሃይም ነኝ፤ አስረዱኝ። ይኼ ነገር ምን ይሠራል?»

«ወሬ ያመላልሳል» አሉ እማማ ዘነቡ።

«ምን ይበላል?»

«መብራት።»

«የት ያድራል?»

«ብብቴ ሥር! ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚያ ያደረ እሱ ብቻ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ታደገ እንኳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ በኋላ ስሞቹ እንደ ጉድ ይወለዱ ጀመር። መብራት ስለሌለ ስልክ የሚሞላው መሐል ሜዳ ለሚሄድ ሰው ተሰጥቶ ነው፤ ስለዚህ ቻርጅ ማድረግ «ግጦሽ መላክ» ተባለ። «ስልክዎ የት አለ?» ሲባሉ «ግጦሽ ልኬዋለሁ፤ ሐሙስ ይገባል» ይላሉ። ጓሳ በአገሬው ሕግ ሣሩ እስኪደርስ ይዘጋል፤ ተዘግቶ ሳለ የገባ ይቀጣል። በሚስጥር ቁጥር የተቆለፈ ስልክም «ጓሳው ተዘጋ» ተባለለት። ቁጥሩን የማያውቅ ልጅ ሊነካካው ሲል «ተው፣ ጓሳ ነው!» ይሉታል፤ ልጁም እጁን ይሰበስባል።

ከሁሉ የበለጠው ግን የእማማ ዘነቡ ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ስልካቸው ጮኸባቸውና በሀፍረት ሊሞቱ ደረሱ። በማግስቱ «የኔታ፣ ይኼን ለፍላፊ አፉን የሚያስይዝልኝ የቱ ነው?» ብለው መጡ። ቁልፉን አሳየኋቸው። ተጭነው፣ አዳምጠው፣ ዝም ማለቱን ሲያረጋግጡ «አሁን ሱባኤ ገባ» አሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ድምፁ የጠፋ ስልክ ሱባኤ የገባ ስልክ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ከላይ የታተመ የቃላት ዝርዝር መጣልን። ኃላፊያችን ወጣት፣ ንጹሕ ጫማ የሚወድ ሰው ነበር። ዝርዝሩን ተማሪዎቹ በቃላቸው እንዲይዙት አዘዘና ሊፈትናቸው ራሱ መጣ። «ተንቀሳቃሽ ስልክ» ብሎ ሲጀምር እማማ ዘነቡ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ወዴት ነው የሚንቀሳቀስ?»

«ማለት... ይዘውት የሚንቀሳቀሱት ነው።»

«እንግዲያው ተንቀሳቃሿ እኔ ነኛ! እሱማ ተሸክሜው ነው የሚዞር።»

ኃላፊያችን አለፈው። «እሺ፣ የስልክዎን ድምፅ ሲያጠፉት ምን ይባላል?» ዝርዝሩ ላይ ያለው መልስ «ድምፅ አልባ» ነበር። እሳቸው እንዝርታቸውን እያሾሩ «ሱባኤ አስገባሁት ይባላል» አሉ። በሳምንቱ ጣቢያችን የቀለም ትምህርትና ሃይማኖት ይቀላቅላል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ደንግጬ ለጋሼ ታደገ ላክሁት፤ እሳቸው «መልካም፤ አኑሪው» ብቻ አሉኝ። ሁለት ወር አልሞላም፤ ትልቅ ስብሰባ ላይ የኃላፊያችን ስልክ ጮኸ። እሱም እየተቅለበለበ ኪሱን እየዳበሰ «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ሱባኤ ሳላስገባው ነው!» አለ። ጋሼ ታደገ ከወዲያ ማዶ ሆነው እርሳሳቸውን ከባርኔጣቸው መዘው ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ሥራዬን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልግባ።

እማማ ዘነቡ ስኳር አለብዎት ተባሉና በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ታዘዘላቸው። የምትሰጣቸው አልማዝ ነበረች። አልማዝ ጥሩ ልጅ ናት፤ ነገር ግን አማት ከምራት እጅ ክኒን መቀበል እንዴት እንደሚከብድ ለመንዝ ሰው አይነገርም። ስለዚህ ማሸጊያውን ክፍል ይዘው መጡ። ላዩ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» የሚል ተለጥፎበታል። እኔም ደስ ብሎኝ ያን ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳምንቱን ሙሉ አስጠናኋቸው። ዓርብ ዕለት እማማ ዘነቡ ቆመው አንድ ፊደል ሳይስቱ አነበቡት፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ያን ቀን ቤታቸው ሲገቡ የክኒኑን ሣጥን ከነቁልፉ ከአልማዝ ተቀብለው «ከዛሬ ጀምሮ ለራሴ እኔው አለሁ» አሏት። እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱን ጥያቄ ረሳሁ። የሚታወቅ ነገር መስሎኝ፣ ቃሉ ሁሉ አማርኛ መስሎኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቅዳሴ መልስ በልተው፣ አመሻሹ ላይ የበግ ጠጕር እያባዘቱ ሳሉ ወደቁ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አደረሳቸው፤ ከዚያ መሐል ሜዳ። ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ ነበር። በማግስቱ አልጋቸው አጠገብ ስደርስ ነፍሳቸው ተመልሳለች፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሦስቱን በአንድ ላይ ለምን ዋጧቸው እማማ?» አልኳቸው።

«ከምግብ በኋላ ይላል። በሁዳዴ የምበላው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አንዴ። ሦስት ይላል። ሦስቱን የት ልበትናቸው?»

ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው አዩኝ።

«ያነበብኩት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ልክ ነበር።»

«ልክ አንብቤ ከጣለኝ፣ ስቼ አንብቤ ቢሆን ምን ልሆን ነበር? በይ ሂጂ የኔታ። ከእንግዲህ አላነብም።»

ወጥቼ ግቢው ውስጥ አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ ተሳስቼ አውቃለሁ፤ ስህተቴ ሰው የጣለው ግን ያኔ ብቻ ነው። ወሬውም ከኔ ቀድሞ መንደር ገባ፦ «ንባብ ዘነቡን ጣላት።» ከሃያ ተማሪ ሰባት ቀረኝ። የክኒኑ ሣጥን ቁልፍ ወደ አልማዝ መቀነት ተመለሰ።

ጋሼ ታደገ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። ስነግራቸው ከዘራቸውን አንሥተው «እንሂድ» ብቻ አሉ። እማማ ዘነቡ ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ የክኒኑን ማሸጊያ ከአልማዝ ተቀብለው ገለባበጡት።

«እኔ መሃይም ነኝ፤ አስረዱኝ። ይኼ ምን ይሠራል?»

«ስኳሬን ያወርዳል» አሉ እማማ ዘነቡ ሳይወዱ።

«ምን ይበላል?»

እጃቸው ባዶ ነበር፤ እንዝርታቸውን እንኳ አልያዙም። «እህል ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «ነርሷ ነግራኛለች። ሆዴ ውስጥ እህል ካላገኘ እኔኑ ይበላኛል።» ከዚያ ድንገት ወደኔ ዞሩ። «ታዲያ እህል ቀምሰው ይዋጡ አትይኝም ነበር?»

«ከምግብ በኋላ ማለት እሱ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ወግጂ! ምግብማ ቀርቦ፣ ተባርኮ፣ ቁጭ ተብሎ የሚበላው ነው። እህል መቅመስ ግን አንድ ፍሬ ቆሎም ቢሆን እህል መቅመስ ነው፤ በጾም ከሆነ መግደፍ ነው። እንደዚያ ብለሽ ብታስነብቢኝ፣ በሁዳዴ ከጧት ጀምሮ ሦስቴ እህል ቅመሺ መባሌን ባወቅሁ ነበር። ባውቅ ንስሐ አባቴን እጠይቅ ነበር። እኔ ምኑን ልጠይቅ? ጾሜን የሚነካ ነገር መች ተጻፈልኝ!»

ጋሼ ታደገ ቀና ብለው አዩኝ። ቁልቁለቱን አልጠበቁም ያን ቀን፤ ግን የተናገሩት ለእማማ ዘነቡ ነው። «ያነበቡት ልክ ነው እማማ። ያልጠየቅነው እኛ ነን።»

አልማዝ ሮጣ ንስሐ አባታቸውን ጠራች። ቄሱ ገብተው፣ ሰምተው፣ መስቀላቸውን አሳልመው «ለታመመ ሰው መድኃኒቱን በሥርዓት መዋጥ ጾሙ ነው። ጧት ቅመሽ፣ ቀትር ቅመሽ፣ ማታ ቅመሽ። እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏቸው። እማማ ዘነቡም «ያን ያህል እንኳ አልራበኝም ነበር» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

በትልልቁ ካርቶን ላይ ጻፍኩላቸው፦ «ጧት እህል ቀምሰው አንድ። ቀትር ላይ እህል ቀምሰው አንድ። ማታ እህል ቀምሰው አንድ።» ዘረጋሁላቸው። ካርቶኑን አላዩትም። «ለአልማዝ ስጫት። እሷ ታንብበው» አሉ።

የካርቶኑ ጽሑፍ ብዙ አገር ዞረ። በየጣቢያው ሁዳዴ ሳይገባ እየገለበጥን አስተማርንበት፤ የሸሹትም ተማሪዎች አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ። እማማ ዘነቡ ግን አልተመለሱም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ጉንጬን ስመው፣ ጤናዬን ጠይቀው፣ ስለ ትምህርት ሳነሣ «ዓይኔ ደክሟል የኔታ» ይላሉ። ይህን ሲሉ ከገበያው ማዶ ያለ ጠጕር ውስጥ የገባ አሜኬላ ይታያቸዋል። ዓይናቸው ምንም አልሆነም። እኔም አልገፋኋቸውም፤ በምን ፊቴ!

ስሸኝ ንግግር ተደረገልኝ፣ አዲስ ባና አለበሱኝ። ስንቱን ሰው ፊደል እንዳስቆጠርኩ ሲነገር ጭብጨባው ደመቀ። እኔ በልቤ የምቀንሰው አንድ ሰው ነበር። እማማ ዘነቡ አልመጡም፤ በአልማዝ እጅ አንድ ልቃቂት ክር ላኩልኝ። «መልእክትስ?» ብላት «የለም» አለችኝ።

ዘንድሮ በሁዳዴ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከፊቴ አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ አሉ። መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ ማሸጊያውን በመስኮት አውጥታ «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» አለቻቸው። «እሺ» አሉ። ሁሉም እሺ ነው የሚለው። አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ ነጠላዋን የተከናነበች አንዲት ሴት እልፍ አለችና ማሸጊያውን ከሰውዬው እጅ ተቀበለች። አርቃ ያዘችው፣ አቀረበችው። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ፊደል በፊደል፣ እኔ እንዳስተማርኩት፦ «ከ... ም... ግ... ብ...» ነጠላው ከፊቷ ሸሸት ሲል እማማ ዘነቡ ናቸው።

«ይጾማሉ አባቴ?» ብለው ጠየቋቸው።

«እንዴታ! በሁዳዴ?»

«እህል የሚቀምሱት በስንት ሰዓት ነው?»

«ከቅዳሴ መልስ ነዋ። ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ የተጻፈው ሦስቴ እህል ይቅመሱ ነው። ዛሬውኑ ንስሐ አባትዎ ዘንድ ይሂዱና ያስፈቱ። ሦስቱን በአንድ ላይ እንዳይውጧቸው፤ ይጥልዎታል።» ወደ መስኮቱም ጎንበስ ብለው «አንቺም ልጄ፣ እህል ቀምሰው በያቸው» አሏት።

እንዳያዩኝ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ደስታው ከልክ አልፎ እንባዬ ይወርድ ነበር።

ሽማግሌው እማማ ዘነቡን በአክብሮት ትኩር ብለው አዩአቸው። «ሐኪም ነዎት እንዴ እመቤቴ?»

«የለም አባቴ» አሉ እማማ ዘነቡ ማሸጊያውን እየመለሱላቸው። «አንባቢ ነኝ።»